ለእናት ለአባት የጤና መከታተያ ልትገዙ ነው? የእጅ ሰዓት፣ ቀለበት ወይስ ፍራሽ ስር የሚገባው

አምና የስቅለት ዕለት ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። የእማዬ ሰዓት ነው፣ «ወድቃለች» ይላል። ደወልኩ አታነሳም፣ ደገምኩ አታነሳም፣ አለቃዬን እንኳን ሳልሰናበት መኪና አስነስቼ ቤተክርስቲያን ድረስ እንዴት እንደነዳሁ እሱ ያውቃል። ስደርስ እማዬ ነጠላዋን አደግድጋ ላብ በላብ ሆና እየሰገደች ነው። ስንተኛዋ እንደሆነ እንጃ፣ ከመቶ ግን አልፋለች፣ ሰዓቱ አንዷን ስግደት ውድቀት አድርጎ ቆጠራትና እኔን በቁሜ ገደለኝ። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ቦርሳዋ ደግሞ ጥግ ላይ ከሰው ቦርሳ ጋር ተከምሯል። «ምነው ልጄ፣ ዛሬ ሥራ የለሽም እንዴ?» ነው ያለችኝ።

እዚህ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለእማዬ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ለአክስቴ እያልኩ ባለፉት ሦስት ዓመታት የገዛሁት ዕቃ አንድ መሳቢያ ሞልቷል፣ የግማሹ ቻርጀር ራሱ የት እንደገባ አላውቅም። አሁን ጓደኛ ደውሎ «ለአባዬ የትኛውን ልግዛለት» ሲለኝ መጀመሪያ መልሼ የምጠይቀው፣ ሲጮኽ ማን ይሰማዋል? የሰማውስ በስንት ደቂቃ ይደርሳል? ይሄን መመለስ ያልቻለ ሰው 400 ዶላር ከፍሎ የሚገዛው ቆንጆ ግራፍ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ገዝቼ የተቃጠልኩ ሰው ነኝ፣ እንደዛ አድርጋችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

የእጅ ሰዓት

ከሰዓቱ ስር ያለችው አረንጓዴ መብራት ቆዳ ውስጥ እየገባች ደም ስሩ ሲሞላና ሲጎድል የሚመለሰውን ብርሃን ታያለች፣ የልብ ምቱ የሚቆጠረው ከዛ ነው። አፕል ዋች ከ2018ቱ ሲሪስ 4 ጀምሮ ኢሲጂም (የልብን ኤሌክትሪክ የሚቀዳው) የውድቀት ማወቂያም አለው፣ ኢሲጂው ጣትን በጎኑ ያለችው መዞሪያ ላይ 30 ሰከንድ አድርጎ መጠበቅ ነው። ግን ይሄ አንድ መስመር ብቻ የሚያይ ነው፣ ሆስፒታል ደረት ላይ እየለጠፉ የሚያነሱት 12 መስመር ያለው ነው፣ እና ሰዓቱ ሃርት አታክ አይለይም፣ ካምፓኒው ራሱ አይለይም ብሎ ጽፏል። እናታችሁ ደረቴን ጨመደደኝ ካለች «ቆይ ሰዓቱን ልየው» የሚባል ነገር የለም፣ ወደ ድንገተኛ መደወል ነው፣ አሜሪካ 911።

የሚጠቅመው ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው፣ ማለትም የልብ ምት ሥርዓቱን አጥቶ ሲዘበራረቅ፣ ይሄ ነገር ሳይታወቅ ቆይቶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። በ2019 የወጣው የስታንፎርድና የአፕል ጥናት 419,000 አካባቢ ሰው ነበረበት፣ ማስጠንቀቂያ የደረሰው 0.52 ከመቶው ብቻ ነው፣ ከነሱም በኋላ ደረታቸው ላይ የሚለጠፈውን መቅጃ አድርገው ከመለሱት 34 ከመቶው ላይ ነው ነገሩ የተገኘው። የቀሩት ሁሉ በሐሰት ደነገጡ ማለት አይደለም፣ በሽታው መጣ ሄድ ስለሚል መቅጃው በተለጠፈበት ሳምንት ላይመጣ ይችላል። ግን ማስጠንቀቂያ በመጣ ቁጥር ኢመርጀንሲ የምትሮጡ ከሆነ የሆስፒታሉ ሂሳብ ራሱ ልብ ያዘበራርቃል።

ሁለት ነገር ሰው ሲሸወድበት አያለሁ። አንደኛ፣ ርካሹ ኤስኢ የሚባለው ሞዴል ውድቀት ያውቃል እንጂ ኢሲጂ የለውም። ሁለተኛ፣ እናታችሁ አይፎን ከሌላት ሰዓቱን በእናንተ አይፎን ማስነሳት ይቻላል፣ ግን ሴሉላር ያለውን መግዛት አለባችሁ፣ ወርሃዊ የመስመር ክፍያ አለ፣ እንደዛ ሲነሳ ደግሞ ኢሲጂው አብሮ አይመጣም። የኔ ጓደኛ ይሄን ያወቀው ሳጥኑን ቀድዶ ከጣለ በኋላ ነው።

ውድቀቱን በተመለከተ፣ ሰዓት የሚፈልገው ድንገት ወርዶ መጋጨትን ነው። ስለዚህ እማዬ በኃይል ስትሰግድ ይጮሃል፣ የሙስሊም ጓደኛዬ አባት ግን በቀን አምስቴ ቀስ ብለው ሲሰግዱ አንድ ቀን ጮኾባቸው አያውቅም። ይሄ ሲሰማ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ሽማግሌ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እንደ ፊልም አይደለም፣ ከአልጋ ጠርዝ ላይ ሸርተት ብሎ ነው ወይ ግድግዳ ይዞ ቀስ እያለ ነው የሚቀመጠው፣ ያንን ሰዓት ሊያልፈው ይችላል።

ከሁሉ የባሰው ባትሪው ነው። አፕል ለብዙዎቹ ሞዴሎች የሚለው 18 ሰዓት ነው። ሌሊት ቻርጅ ላይ ከሆነ ሽንት ቤት ስትሄድ፣ ማለትም ዋናው አደጋ በሚመጣበት ሰዓት፣ ሰዓቱ ኮመዲኖ ላይ ነው። እኛ ያገኘነው መላ ቡና ሲፈላ ቻርጅ ማድረግ ነው፣ አቦል ቶና በረካ እስኪባል ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል፣ ይበቃዋል። (በዛውም ቡና ስትወቅጥ እርምጃ ቆጥሮ «በርቺ» ከማለት ተገላገልን።)

ኦክስጅኑ እና የኛ ቆዳ

ይሄን ሳላነሳ ባልፍ ጥፋት ነው፣ ሻጭ ስለማይነግራችሁ። የኦክስጅን መለኪያ በቀይና በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው የሚሠራው፣ ጥቁር ቆዳ ደግሞ ብርሃኑን ከመንገድ ያስቀረዋል። በ2020 መጨረሻ የሚሺጋን ሐኪሞች ያወጡት ጥናት ላይ ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ ከ92 እስከ 96 እያሳየ በደም ምርመራ ግን ኦክስጅናቸው ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከነጮቹ 3.6 ከመቶ፣ ከጥቁሮቹ 11.7 ከመቶ ነበር። ሦስት እጥፍ! የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም በ2021 ማስጠንቀቂያ አወጣ። ይሄ እንግዲህ የሆስፒታሉ ነው፣ እጅ አንጓ ላይ የሚለካው የባሰ ስስ ነው፣ እጅ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይሳሳታል፣ የጣቱም ጥፍር ቀለም ካለ ይሳሳታል። እኔ አንዷን ቁጥር አላምንም፣ የማየው ከራሷ የሁልጊዜ ቁጥር ስንት ወረደ የሚለውን ነው፣ ትንፋሽ አጥሯት ቁጥሩ 95 ቢልም ሐኪም ቤት ነው።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ፣ ከተማው 2,350 ሜትር አካባቢ ስለሆነ እዚያ ያለው ሰው ቁጥር ሜሪላንድ ካለው አንድ ሁለት ነጥብ ዝቅ ቢል አይግረማችሁ፣ የአክስቴንና የእማዬን ጎን ለጎን አድርጌ የጨነቀኝ ቀን ነበር። (ጉራ ይሁንብኝና በ2002 በወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎቻችን በአማካይ 95.3 ነው የተለኩት፣ ፈረንጆቹ ራሳቸው ተገርመዋል።)

ሌላ ደግሞ፣ ከጃንዋሪ 2024 በኋላ አሜሪካ ውስጥ የተሸጡ አፕል ዋቾች በፓተንት (የፈጠራ መብት) ክርክር ምክንያት ኦክስጅኑ ተዘግቶባቸው ነበር፣ በኦገስት 2025 ስልኩ ላይ በሚሰላ መንገድ ተመለሰ። ከሰው እጅ ዕቃ የሚገዛ የት እና መቼ የተሸጠ እንደሆነ ይጠይቅ።

ቀለበት

ኦራ የሚባለው የፊንላንዱ ቀለበት ባትሪው ሳምንት አካባቢ ይቆያል፣ ለእንቅልፍ ጎበዝ ነው። ውድቀት አያውቅም፣ ለማንም አይደውልም፣ በወር ደግሞ 5.99 ዶላር ይፈልጋል። ሊጥ የሚያቦካ እጅ ላይ ቀለበት አይውልም፣ እማዬ በሁለተኛው ቀን አውልቃ ስኳር ዕቃ ውስጥ አስቀምጣው አገኘሁት። ለወጣት ይሁን።

ፍራሽ ስር የሚገባው

እኔ አሁን የማደላው ለዚህ ነው፣ ጉድለቱን እያወቅኩ። ነገሩ ቀጭን ምንጣፍ ነው፣ ፍራሹ ስር በደረት ትክክል ትዘረጉታላችሁ፣ ሶኬት ላይ ትሰኩታላችሁ፣ አለቀ። ልብ ደም በረጨች ቁጥር መላ ሰውነት በዓይን በማይታይ መጠን ይነቃነቃል፣ ትንፋሽም ፍራሹን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፣ ምንጣፉ ይሄን እያዳመጠ የልብ ምት፣ የትንፋሽ ብዛት፣ ማንኮራፋት፣ ስንቴ ከአልጋ እንደተነሳች ይጽፋል። ባሊስቶካርዲዮግራፊ ይሉታል፣ ሐሳቡ የድሮ ነው። ዊዚንግስ የሚባለው የፈረንሳይ ካምፓኒ የሚሸጠው አለ፣ ኤምፊት የሚባል የፊንላንድም አለ። ኧርሊሴንስ የሚባል የእስራኤል ካምፓኒ ደግሞ ይሄንኑ ለሆስፒታል አልጋ ነው የሠራው።

ጥቅሙ እናት ምንም ማስታወስ የለባትም። ማሰር የለ፣ ቻርጅ የለ፣ ስልክ መንካት የለ፣ መተኛት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሰዓቷን መሳቢያ ከከተተች ከወር በኋላ እንኳን ምንጣፉ እየጻፈ ነው።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። አምና መጋቢት ላይ የእማዬ ትንፋሽ ሌሊት በደቂቃ 15 አካባቢ የነበረው ሦስት ሌሊት ተከታትሎ 17፣ 18፣ 19 አለ፣ ከአልጋ የምትነሳውም ከአንዴ ወደ አራቴ ሄደ። ስጠይቃት «ኧረ ምንም አልሆንኩም፣ ውሃ አብዝቼ ነው» አለች። ሦስተኛው ቀን ጎትቼ ወሰድኳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር፣ ትኩሳቱም እየጀመራት ነበር። ምንጣፉ በሽታዋን አላወቀም፣ ያወቀው ሰሞኑን እንደወትሮዋ እንዳልሆነች ነው፣ «ምንም አልሆንኩም» ለሚል ሰው ልጅ ግን ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ጉድለቱን። እነዚህ ለቤት የሚሸጡት ምንጣፎች በሌሊት አይጮኹም! ሰው ይሄን አያውቅም። የሌሊቱን ሁሉ ሰብስበው ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ ነው ወደ አፑ የሚልኩት፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልቧ ቢቆም እንኳን ለናንተ የሚደወል ስልክ የለም። ሌላው አልጋው የማን እንደሆነ አያውቅም፣ የልጅ ልጅ አያቷ ጎን ከገባች ቁጥሩ ይደበላለቃል፣ እኛ ቤት ደግሞ አያት ብቻዋን የምትተኛው መቼ ነው። ሶፋ ላይ መዝሙር እያየች የምታንቀላፋበትም ሰዓት አይቆጠርም። ውሃ ፍራሽ ላይ አይሠራም፣ ዋይፋዩም 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ብቻ ነው የሚይዘው፣ በ5ቱ ልታገናኙት ስትታገሉ እንዳታመሹ።

አንድ የምወደው ነገር ግን አለው፣ ከአልጋ ስትነሳ መብራት እንዲበራ ማገናኘት ይቻላል። ኮሪደሩ ላይ አንድ ስማርት አምፖል አድርጌ እማዬ እግሯን ስታወርድ ይበራል። መጀመሪያ ቀን አማትባ ተመልሳ ተኛች፣ አሁን ለምዳዋለች።

ሲነሱ የሚጮኸው እና ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው

ከምንጣፉ ጋር አታምታቱት፣ ክብደት ሲነሳለት ወዲያው የሚጮኽ ፓድም አለ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የምታዩት ዓይነት፣ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። ልብ አይቆጥርም ትንፋሽ አያይም፣ ደነዝ ነገር ነው፣ ግን ቤት ውስጥ ሰው ካለ ከሁሉም በላይ እሱ ያድናል፣ በተለይ ዲመንሺያ (የመርሳት በሽታ) ላለባቸው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ራዳርም አለ፣ ቫያር ኬር የሚባለው የእስራኤሉ ለምሳሌ፣ ካሜራ ስለሌለው ሽንት ቤት ቢሰቀልም ነውር የለውም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሰርቪሱ ይቆያል ወይ በሉ፣ አማዞን አሌክሳ ቱጌዘር የሚል የአዛውንት ሰርቪስ በ2021 ጀምሮ በ2024 ዘግቶታል፣ ሰርቪሱ ከሄደ ዕቃው የግድግዳ ጌጥ ነው።

አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን የድረሱልኝ ቁልፍም አትናቁት፣ ተጭና ከሰው ጋር ታወራለች። አሜሪካ ኦሪጅናል ሜዲኬር (የመንግሥቱ የአዛውንት የጤና ኢንሹራንስ) ለሱ አይከፍልም፣ እስራኤል ያላችሁ ግን ቤተሰባችሁ የሲዑድ (የአዛውንት እንክብካቤ) አበል ካለው «ላኽጻን መጹካ»ውን፣ ማለትም ይሄንኑ ቁልፍ፣ ከአገልግሎቱ ውስጥ ማግኘት ስለሚቻል ከኪሳችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የመንግሥቱን ኢንሹራንስ ቢቱዋሕ ለኡሚን ጠይቁ። ችግሩ አማርኛ ብቻ ለምትችል እናት ማዶ ያለው ሰው በምን ቋንቋ ያወራታል የሚለው ነው፣ ስትመዘግቡ አስተርጓሚ አለ ወይ በሉ፣ የለም ካሉ መጀመሪያ ለናንተ እንዲደወል አስጽፉ።

ግፊት እና ስኳር፣ ትልቁ ሽወዳ

ሱቁ ሁሉ፣ ቦሌም ሆነ ኦንላይን፣ ግፊትም ስኳርም ኦክስጅንም እለካለሁ በሚል ርካሽ ሰዓት ተሞልቷል። አክስቴ አንዱን ገዝታ «ስኳሬ 5.6 ነው» እያለች በደስታ ስትደውልልኝ ነበር፣ አዲስ አበባ ስሄድ ሰዓቱን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ያለ ዳቦ ላይ አሰርኩት። ዳቦው የልብ ምቱ 78፣ ግፊቱ 118 በ76፣ ጤነኛ ዳቦ! አክስቴ ለረጅም ሰዓት ዝም አለችኝና «ታዲያ መድኃኒቴን ልጀምር?» አለች፣ ለካ አቁማ ነበር። ኤፍዲኤ በፌብሩዋሪ 2024 ቆዳ ሳይበሳ ስኳር የሚለካ ሰዓትም ቀለበትም አልፈቀድኩም፣ አትጠቀሙ ብሎ በግልጽ አስጠንቅቋል።

ስኳር ላለበት ሰው እውነተኛው ክንድ ጀርባ ላይ የሚለጠፈው የስኳር መለኪያ ነው። ፍሪስታይል ሊብሬ እና ዴክስኮም የሚባሉት እንደ ሞዴላቸው ከ10 እስከ 15 ቀን ይቆያሉ። ኢንሱሊን ለማይወስዱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው ስቴሎ በ2024 ነው የተፈቀደው። የሚለካው ከቆዳ ስር ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከደሙ በጥቂት ደቂቃ ይዘገያል፣ በተለጠፈበት ክንድ ላይ ከተተኛችበት ደግሞ ሌሊት በሐሰት ዝቅ ብሎ ይጮሃል። ግን ከዚህ ሁሉ ዕቃ ውስጥ ሌሊት ዝቅ ሲል የልጅን ስልክ በእውነት የሚያስጮኸው ይሄ ክንድ ላይ የሚለጠፈው ነው፣ ስቴሎ ግን ዝቅ ሲል አይጮኽም። ኢንሱሊን ለሚወስዱ ሁሉ ከ2023 ጀምሮ ሜዲኬር ይሸፍናል። የአንድ ጓደኛዬ እናት ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት እያደረሱ ከልጆቻቸው ጋር ጭቅጭቅ ነበር፣ የሰባት ሰዓቱን ግራፍ ሲያዩት ራሳቸው ለነፍስ አባታቸው አሳዩ፣ እሳቸውም ብሉ አሏቸው፣ ጭቅጭቁ ቆመ።

ለግፊት ክንድ ላይ የሚታሰረው፣ 50 ዶላር አካባቢ ነው። የሳምሰንግ ሰዓት ይለካል ትሉኛላችሁ፣ እሱም በየ28 ቀኑ በዚሁ በሚታሰረው ካልተስተካከለ አይሠራም። ክንድ ላይ ልኩ የሆነ ማሰሪያ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አለመጠጣት። ይሄ የመጨረሻው እማዬ ቤት የማይቻል ነው፣ እንዳነቃች ቡና ከመቀመጡ በፊት ነው የምንለካው። ልብ ድካም ያለበት ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ተራ ሚዛን ይግዛ፣ በአንድ ቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ወይ በሳምንት ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመረ ውሃ እየያዘ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ጋ ይደወላል። አሜሪካ ያላችሁ ሐኪሙን «ሪሞት ፔሸንት ሞኒተሪንግ አላችሁ ወይ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ካላቸው የግፊት መለኪያውን ራሳቸው ሊልኩ ይችላሉ፣ ቁጥሩን ክሊኒኩ ያያል፣ ሜዲኬር ፓርት ቢ አብዛኛውን ይከፍላል።

አዲስ አበባ ለሚላክ

መብራት ሲጠፋ ምንጣፉ ባትሪ ስለሌለው ያ ሌሊት ባዶ ነው፣ ራውተሩም አብሮ ይሞታል። ሶኬቱ 220 ስለሆነ አዳፕተሩ ላይ 100-240 የሚል ጽሑፍ ካላያችሁ አትሰኩት፣ አንዱን አቃጥዬ ነው የምነግራችሁ። ሰዓቱ ውድቀት ቢያውቅ ማንን ይጠራል የሚለው እዚያ የባሰ ከባድ ነው፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ቤቱ የት እንደሆነ ግን በስልክ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል፣ ከመድኃኔዓለም ገባ ብሎ ምናምን እያለ፣ ያንን ደግሞ ሰዓት አይችልም። አንዳንዱ ፊቸር በአገርም የተዘጋ ስለሆነ ከመላካችሁ በፊት አረጋግጡ።

ለአክስቴ መጨረሻ ላይ የሠራው ተነስታ ስትቆም የሚጮኸው ፓድ ነው፣ ድምፁ ያለው አብራት የምትኖረው ልጅ ክፍል ውስጥ ነው። እኔን ደግሞ የሰዓት ልዩነቱ ረድቶኛል፣ በአሜሪካ ሰመር እዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን እዚህ ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፣ ነቅቼ እራት እየሠራሁ ነው፣ ልጅቷ ስትደውል ሁሌም አነሳለሁ። መጀመሪያ ልጅቷ ፓዱን ነቅላው ነበር፣ አክስቴ ለሌሊት ጸሎት ስትነሳ በየቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሳት ስለነበር። አሁን አክስቴ ከመነሳቷ በፊት ራሷ ታጠፋዋለች፣ መልሳ ማብራት ትረሳለች፣ ልጅቷ ጠዋት ታበራዋለች፣ በዚህ እየሄደ ነው።

እንግዲህ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ እናት ብቻዋን የምትኖር ከሆነ ሰዓት ወይ የአንገት ቁልፍ፣ በሷ ፈቃድ፣ አስገድዳችሁ አይሆንም። ከሰው ጋር የምትኖር ከሆነ ምንጣፉና የግፊት መለኪያው፣ ሌሊት የምትንከራተት ከሆነ ፓዱ ይጨመር። ሁሉንም በአንድ ቀን አትግዙ፣ አንዱን ገዝታችሁ ሁለት ሳምንት እዩት፣ ደረሰኙን አትጣሉ። ለእናታችሁም ምን እንደሚጽፍ ንገሯት፣ እማዬ መጀመሪያ «ትሰልዪኛለሽ እንዴ» ብላኝ ሁለት ቀን አኩርፋኝ ነበር፣ አሁን ምንጣፉ ለእንቅልፏ ከመቶ የሚሰጣትን ነጥብ ጠዋት ጠዋት «ትናንት ስንት ሰጠኝ?» ትላለች፣ ከ80 በታች ከሆነ ምንጣፉ ተሳስቷል።

ሰዓቷንም አሁንም ታስራለች። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ የውድቀቱን አጠፋዋለሁ፣ ለትንሣኤ መልሼ አበራዋለሁ፣ እንዳልረሳው ደግሞ ስልኬ ላይ አላርም ሞልቻለሁ።